ከቁስሉ በፊት የተቋረጠውን ጠይቂ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞችን እንዳክም ለስድስት ወር ተመድቤ ልሄድ ነው። ባልደረቦቼ የጥይትና የፍንዳታ ቁስል ነው የሚበዛው ስላሉኝ የቁስል እንክብካቤ ማስታወሻዬን እያገላበጥሁ ነው። ዐረብኛ አልችልም፤ ቆላ ኖሬም አላውቅ። ከሁሉ በፊት ምን ልዘጋጅ? ለሰው አልተናገርሁም እንጂ ፈርቻለሁ።»

አብሽሪ እህቴ። ፍርሃትሽን ስላልደበቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። በሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ ተውሁት። ስድስት ወር ሙሉ የሰው ሕይወት በእጅሽ ስለሚያልፍ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የቁስል ማስታወሻሽን ያዢው፤ ግን ከሻንጣሽ ሥር አድርጊው። ድንበር ተሻግሮ አንቺ ጋ የሚደርስ ሰው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት የተጓዘ ነው። ክፉኛ የተመታ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል መንገድ አይዘልቅም። የዘለቀው ቁስሉ ያመረቀዘ ወይም አጥንቱ ተጣሞ የገጠመ ነው። ታጥቢለታለሽ፣ የቴታነስ መከላከያ ትሰጪዋለሽ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ወደ ጎንደር ትልኪዋለሽ። ይህን ሥራ ታውቂዋለሽ። ሰው የሚያመልጥሽ በቁስል በኩል አይደለም።

የሚያመልጥሽ በየት በኩል እንደሆነ እኔ የተማርሁት እዚሁ ደሴ ነው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም ጀምሮ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለ ሰው የከተማችንን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከእነዚህ በአንዱ ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተን እናክም ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ዝናቡ አያባራም። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት መጡና «ራሴን ያመኛል ልጄ» አሉኝ። ሰባት ቀን በእግር ለመጣ ሰው ራስ ምታት ምን ይገርማል? ፓራሲታሞል ሰጥቼ መርቀውኝ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው እያለቀሰች መጣች፤ ግማሽ አካላቸው ከድቷቸዋል፣ አፋቸው ተይዟል። ለዘጠኝ ዓመት የደም ግፊት መድኃኒት ሲውጡ የኖሩ ሴት ነበሩ። መድኃኒቱ ቆቦ ቤታቸው መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። የግፊት መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። «የሚወስዱት መድኃኒት ነበር ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ያች አንዲት ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፌ ጠፍታ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ በ2014 ጥቅምት የእኛም ተራ ደረሰ። ደሴና ኮምቦልቻ ሲለቀቁ ሰው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሲተም የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያልያዙ፣ የቲቢ ሕክምናቸው ሁለት ወር የቀራቸው፣ ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ውስጥ የቀረ ስንትና ስንት ታካሚዎቻችን በመንገድ ላይ ነበሩ። እኛ ድንበር ስላልተሻገርን ተፈናቃይ ተባልን፤ መተማ የምታገኚያቸው ሰዎች ስለተሻገሩ ስደተኛ ይባላሉ። የሚተዳደሩበት ሕግ ይለያያል እንጂ በሰውነታቸው ላይ የሚደርሰው ያው ነው። ሸሽቶ ያመለጠን ሰው ከጥይት ይልቅ የሚገድለው የተቋረጠበት ነገር ነው፤ መድኃኒቱ፣ ክትባቱ፣ ንጹሕ ውኃው፣ የእርግዝና ክትትሉ። ስለዚህ «የት ነው የሚያምዎ?» ከማለትሽ በፊት «ምን አቋረጡ?» በይ።

አሁን ወደ ሱዳኖቹ ልምጣ። ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ነው፤ በእኛ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳም ሹር፣ በሙስሊሞች ደግሞ ረመዳን ሊፈታ ስድስት ቀን ሲቀረው። ውጊያው የፈነዳው ካርቱም መሐል ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከሸሹት ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጡረተኛ። ስለ ስደተኛ ጣቢያ ስናስብ ወደ ልባችን የሚመጣው የከሳ ሕፃን ነው። ሕፃኑም ይመጣል። ከኋላው ግን ስኳር ያለባቸው አባት፣ የልብ ድካም ያለባቸው እናት፣ ኩላሊቱን በሳምንት ሁለት ጊዜ በማሽን ሲያሳጥብ የቆየ ጎልማሳ አሉ። በውጊያው አካባቢ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ሥራ ስላቆሙ ብዙዎቹ መድኃኒት ያቋረጡት ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚፈልገውን ሰው አንድ ቀን እንኳ አታቆዪው፤ በደረሰበት ሰዓት ጎንደር ደውይ። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁልጊዜም ክፍት አይሆንም። ስለዚህ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን «ነገ ይሂድ» አትበይ።

ኢንሱሊን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአንድ ሌሊት ሰው የሚያሳጣ እሱ ነውና። በልጅነቱ ስኳር የያዘው ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ማቅለሽለሽ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ፈጣን ጥልቅ ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ የሚሸት አፍ ይዞ ሲመጣ ቆላ ላይ ማንም ወባ ይለዋል፤ አንቺ ግን በወባ ምርመራው ጎን የስኳር መለኪያሽንም አውጪ። ሌላውና የተገላቢጦሹ አደጋ ደግሞ አለ። ቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ እየበላ 30 ዩኒት ሲወስድ የነበረ ሰው፣ ዛሬ በቀን አንዴ እየበላ ያንኑ 30 ከወሰደ በሌሊት ስኳሩ ወርዶ ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ «ስንት ዩኒት?» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ «ትናንት ምን በሉ?» ብለሽ ጨምሪ። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ዩኒትና በሲሪንጁ ላይ ያለውን ምልክትም አመሳክሪ፤ ሁለት አገር ውስጥ የተገዛ ዕቃ ሁልጊዜ አይገጥምም።

ፍሪጅ የለም ብለሽ ኢንሱሊን አትከልክዪ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ እሱ በጣቢያው ፍሪጅ ይሁን። የተከፈተውን ግን ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ሊያኖረው ይችላል። የኬንያውን የዳዳብ ጣቢያ ሙቀት መነሻ አድርጎ የተሠራና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኢንሱሊን በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ከፍ ዝቅ እያለ አራት ሳምንት ቢቀመጥ ኃይሉን እንደማያጣ አሳይቷል። መተማ ከዚያም የሚብስ ቀን አለውና ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጠሽ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሙዪበት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እናቶቻችን ውኃን በእንስራ ሲያቀዘቅዙ የኖሩበት ዘዴ ነው።

ረመዳን በአንቺ ጊዜ ከገባ ደግሞ ስኳር ያለባቸው ታካሚዎችሽ ልጹም ይላሉ። የወሎ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ማንም አያስረዳሽም። አትከራከሪ፤ ከመካከላቸው ያሉትን ሼኽ ፈልገሽ አንድ ላይ ተነጋገሩ። ሕመምተኛ የማይጾምበት ፈቃድ በቁርኣን እንዳለ እሳቸው ሲነግሯቸውና አንቺ ስትነግሪያቸው አንድ አይሆንም።

ስኳርና ግፊት ብቻ አይምሰልሽ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ያቋረጠ ሰው ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ይይዘዋል። ከኮርዶፋንና ከዳርፉር በኩል ከመጣ ቤተሰብ ውስጥ አጥንቱን እያመመው የሚያለቅስ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ካየሽ ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ አስቢ፤ እኛ ደጋ ላይ ስለማናየው ስሙ እንኳ አይመጣልንም፣ በዚያ አካባቢ ግን የተለመደ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ወባ ገዳይ ነው። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይዘው ከመጡ አትጣይባቸው። ያች ቆሻሻ የመሰለች ወረቀት ሙሉ የሕክምና ካርዳቸው ናት።

ክትባት። ከተቋረጡት ሁሉ ፈጥኖ ብዙ ልጅ የሚገድለው የኩፍኝ ክትባት መቋረጥ ነው። በ1977 ዓ.ም በድርቁና በጦርነቱ ጊዜ ከእኛ አገር ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሰደደው ሰው በተጠለለበት በወድ ኮውሊ ጣቢያ ሕፃናቱን የጨረሰው በዋናነት ኩፍኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ስደተኞቹ እኛ ነበርን፤ ተቀባዮቹ እነሱ። ይህን በልብሽ ያዢው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ተወስዶበት ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሰው መግባት እንደጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። ካርድ አለህ ወይ ተብሎ አይከራከሩትም፤ ደግሞ ቢወጋ አይጎዳውም። ከ6 እስከ 11 ወር ያለው ቫይታሚን ኤ 100,000፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ያለው 200,000 ዩኒት ይጨመርለታል። በ6 ወሩ የተከተበው ሕፃን 9 ወር ሲሞላው ደግሞ ይከተብ፤ የመጀመሪያው ላይቆጠር ይችላልና። የተጎዳና የከሳ ልጅ «ይጠንክርና» ተብሎ አይቆይም። ቅድሚያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ቀጥሎ ውኃ። በሐምሌ 1994 እ.ኤ.አ. ከሩዋንዳ ወደ ጎማ የሸሸው ሕዝብ በመጀመሪያው ወር ብቻ 50,000 ገደማ ሰው አልቆበታል። የጨረሰው ቆንጨራ አልነበረም፤ ኮሌራና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበር። ከሞቱትም አብዛኞቹ ሕክምና ቦታ ሳይደርሱ ነው የሞቱት። በ2015 ዓ.ም ክረምት እዚያው በምትሄጂበት አካባቢ፣ በኩመር ጣቢያ፣ ኮሌራ ገብቶ ነበርና ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ የሚሉ መለኪያዎች አሉ። አንቺ ቧንቧ አትዘረጊም፤ ግን እነዚህን ቁጥሮች በቃልሽ ይዘሽ በየስብሰባው ጠይቂ። ውኃ የሚያመጡት ሰዎች አጠገብ የምትቀመጥ ነርስ ብዙ ሰው ታድናለች።

በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ኮሌራን አተት እያልን ስንጠራው ቆይተናል። ስሙን በመለወጥ የተጠቀመ ሰው አላየሁም። እንደ ሩዝ ውኃ ያለ ተቅማጥ ያለበት አንድ ጎልማሳ ባየሽ ሰዓት፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳትጠብቂ አስታውቂ፤ ለይተሽም አስተኚው። ክፉኛ ለደረቀና አንድ ዓመት ላለፈው ሰው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሰዓት፣ 70 ደግሞ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል በደም ሥር ይገባለታል፤ መጠጣት እንደቻለ ኦአርኤስ ይከተላል። በአግባቡ ከታከመ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትም። ክፉኛ ታሞ ካልታከመ ከሁለት አንዱ ሊሞት ይችላል። በሕክምና ውስጥ እንዲህ ርካሽ በሆነ ነገር ይህን ያህል ልዩነት የሚታይበት ሌላ በሽታ አላውቅም። ለዚህ ነው ኦአርኤሱ ጣቢያው መሐል ባለ አንድ ድንኳን ብቻ መሆን የሌለበት። በየሠፈሩ ጥላ ሥር አንድ በርሜል የታከመ ውኃ፣ አንድ ጆግ፣ አንዲት የሠለጠነች ሴት ይበቃሉ።

እሷን ከየት ታመጫታለሽ? ከራሳቸው። ከካርቱም ከመጡት መካከል ፋርማሲስት አለ፣ አዋላጅ አለች፣ ሐኪም አለ፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ለዱቄት ተሰልፈው ይውላሉ። በመጀመሪያው ሳምንትሽ «እዚህ ጤና የተማረ ማን አለ?» ብለሽ አስጠሪ። በየድንኳኑ ዞረው የታመመውን የሚያዩት፣ የሞተውን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ሞትን መቁጠር እንዳትንቂ። ከ10,000 ሰው በቀን ከአንድ በላይ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 10,000 ሕፃናት ደግሞ በቀን ከሁለት በላይ ከሞተ ጣቢያው አደጋ ላይ ነው ይባላል። ቤተሰብ ራሽን እንዳይቀነስበት ሞትን ሊደብቅ ይችላል፤ መቃብር አይደበቅም። መቃብር የሚቆፍሩትን ሽማግሌ ወዳጅ አድርጊ፤ ጠዋት ጠዋት ስንት እንደቆፈሩ ይንገሩሽ።

ስለ ሴቶቹ። አዋላጅ ባትሆኚም ምጥ ይመጣብሻል። በማንኛውም ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ሰው አራት ያህሉ ነፍሰ ጡር ናቸው ብለሽ አስቢ፤ ከሚወልዱት ደግሞ ከመቶ 15 ያህሉ ችግር ያጋጥማቸዋል። ንጹሕ የመውለጃ ዕቃ፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚረዳው ኦክሲቶሲን፣ የመኪና ሾፌር ስልክ እነዚህ ሦስቱ በደረስሽ ቀን ይኑሩሽ። ሱዳን ውስጥ ከአሥር ሴቶች ከስምንት በላይ የተገረዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም እነሱ «ፊርዖኒ» በሚሉት፣ ተሰፍቶ በሚዘጋው ዓይነት። ከአፋር ለወሊድ ወደ ደሴ የሚመጡ እናቶችን አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ካላየሽ ከመሄድሽ በፊት የሚያውቅ አዋላጅ ፈልገሽ ስፌቱ በምጥ ጊዜ እንዴት እንደሚከፈት ተማሪ፤ በትክክል ካልተከፈተ እናቲቱ ትቀደዳለች፣ ልጁም ይታፈናል። ፊትሽ ላይ ድንጋጤ አታሳዪ። እናቲቱ መጀመሪያ የምታየው ፊትሽን ነው።

ስለ መደፈርም ልናገር፤ ሴቶቹ አንስተው ስለማይነግሩሽ። በዚህ ጦርነት የተደፈሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይም፣ እንጨት ለቀማ ሲወጡም ይደርስባቸዋል። ከ72 ሰዓት በፊት ከመጣች ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት፣ እስከ 5 ቀን ድረስ ደግሞ እርግዝናን የሚከላከለው ይሰጣል። ጊዜው ካለፈም አትመልሻት፤ የአባላዘር ሕክምና፣ የጉበት ቢ ክትባትና የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል። ባሏ ወይም ወንድሟ በቆመበት አትጠይቂ፤ አስተርጓሚዋ ሴት ትሁን፣ ከዘመዶቿም አትሁን። «ምን ሆንሽ?» ብለሽ አታስጨንቂያት። «ማንም የማይሰማን ቦታ አለ፤ ስትፈልጊ ነይ» ማለት ይበቃል። ብዙዎቹ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ሦስቴ አራቴ ተመላልሰው ነው የሚናገሩት።

አራስ እናት «ደንግጬ ጡቴ ነጠፈ» ትልሻለች። የእኛም እናቶች ይሉታል። ድንጋጤ ወተቱ ፈጥኖ እንዳይወርድ ለጊዜው ይይዘው ይሆናል እንጂ አያደርቀውም፤ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይመለሳል። ጥላ፣ ውኃ፣ ምግብና አጠገቧ የምትቀመጥ ሴት ስጫት። የዱቄት ወተት በጅምላ ለማደል የሚመጣ በጎ አድራጊ ካለ በትሕትና አስቁሚው፤ ውኃው ንጹሕ ባልሆነበት ቦታ ጡጦ ተቅማጥ ነው። እናቱ የሞተችበት ሕፃን ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለእሱ በክትትል ይሰጣል።

ምግቡን በአጭሩ ልለፈው። የሕፃኑን ክንድ ዙሪያ የምትለኪበት ሙአክ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ ወይም ሁለቱ እግሮች ካበጡ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ የምግብ ፍላጎቱ ደህና ከሆነ ፕላምፒነት በሚባለው የለውዝ ምግብ ቤቱ ይታከማል፣ ካልበላ ይተኛል። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለውን መዝግበሽ ተከታተዪ። ራሽኑ በወረቀት ላይ በቀን 2,100 ካሎሪ ሊል ይችላል፤ ግን እህሉ በጥሬው ከተሰጠ ሰው ለወፍጮና ለእንጨት ከዚያው እህል ላይ ሸጦ ነው የሚከፍል። «ስንት ተሰጣችሁ?» ሳይሆን ድስቱ ውስጥ የገባውን ጠይቂ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሶማሊያን ሸሽቶ በእኛው አገር ሐርትሼኽ ጣቢያ የገባው ሰው እህል እየተሰጠው ድዱ ይደማ ነበር፤ አትክልትና ፍራፍሬ ስላልነበረ።

ቆላውን ፈርቻለሁ ብለሻል። ፍሪው። ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱ ወንድሞቻችን ይዘውት የሚመለሱትን በሽታ ጤና ጣቢያሽ ታይዋለሽ። ወባው የታወቀ ነው፤ ከካርቱም የመጡትም እንደ አንቺ የመቋቋም አቅማቸው አነስተኛ ነውና «ሱዳን ስለሆነ ለምዶታል» አትበይ። ካላዛር ግን ይሸወዳል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ይኖራል፤ ስደተኛው ደግሞ ጥላ ፍለጋ የሚተኛው እዚያው ግራር ሥር ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ መክሳት ያለበትና የወባ መድኃኒት ያልሻለውን ሰው ለካላዛር አስመርምሪው። ካልታከመ ይገድላል። አንቺም ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ አጎበር ውስጥ ተኚ። የጉበት ቢ ክትባትሽ ካልተሟላ ዛሬውኑ ጀምሪ።

ስለ አእምሮ ጤንነታቸው ብዙዎች ሁሉም አብዷል ብለው ይጀምራሉ። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ከአምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለው ነው። ቀሪዎቹ አራቱ እንቅልፍ ቢያጡ፣ ቢደነግጡ፣ ቢያለቅሱ ያዘኑ እንጂ የታመሙ አይደሉም። ያየውን ሁሉ ይናገር ብለሽ ማንንም አታስገድጂ። የሚያረጋጋቸው የጠፋ ልጅ ወሬ ማግኘት ነው፤ ቀይ መስቀል ቤተሰብ ያገናኛልና የት እንደሚመዘገቡ አውቀሽ ንገሪያቸው። ሱዳኖች «ቢካ» የሚሉት የለቅሶ ቤት አላቸው፤ ሰው ተሰብስቦ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ልክ እንደ እኛው። በሽሽት ላይ የሞተባቸውን ሳያለቅሱ የመጡ ብዙ ናቸው። ድንኳንና ምንጣፍ ፈልገሽ ብታስቀምጫቸው ከየትኛውም የእንቅልፍ ክኒን ይልቃል። በፊት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስድ የነበረውን ግን ልክ እንደ ስኳር ታማሚው ፈልገሽ አግኚው። ቤተሰብ አፍሮ ይደብቀዋል፤ አንዳንዴም ታስሮ ታገኚዋለሽ።

የመተማ ሰው «ለእነሱ ብቻ» ሊልሽ ይችላል። እውነት አለው። ውኃው፣ ጤና ጣቢያው፣ የኑሮ ውድነቱ የእሱም ነው። ከሠፈሩ የመጣን ታማሚ በወረቀት ሰበብ አትመልሺ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛውም ጥገኝነት ጠያቂውም አገር ውስጥ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ኮሌራ ደግሞ የስደተኛ መታወቂያ አይጠይቅም።

ለሚሄድ ሰው ሁሉ የሕክምናውን ማጠቃለያ ጽፈሽ በእጁ ስጪው። የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ትክክለኛ ስሙን፣ መጠኑን፣ የጀመረበትን ቀን ጻፊ፤ በላስቲክ ሸፍኚለት። ከመተማ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጣቢያው ራሱ ወዴት እንደሚዛወር አይታወቅም። ደሴ ላይ ተበትነው ከነበሩ ታካሚዎቻችን በቶሎ መድኃኒታቸውን ያገኙት እንዲህ ያለች ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት ነበሩ።

የቀረው ዐረብኛው ነው። ቋንቋውን በሁለት ሳምንት አትማሪም፤ ቃላቱን ግን ትችያለሽ። ደዋ መድኃኒት ነው። ሱከሪ የስኳር በሽታ፣ ደግጥ ግፊት፣ ሐሚል ነፍሰ ጡር፣ ሐስባ ኩፍኝ፣ ኢስሃል ተቅማጥ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከጅዳ ወይም ከሪያድ የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሠፈር የለም። አነጋገራቸው ከሱዳኑ ትንሽ ይለያል እንጂ ይግባባሉ። ከጎረቤትሽ አንዷን ጥሪና ቡና አፍሉ፤ «የትኛውን መድኃኒት አቋረጡ?» የሚለውን ለወንድ፣ ለሴት፣ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚባል እየደጋገመች ታስለምድሽ። የክብር አጠራሩንም ጠይቂያት፤ እናቶችን ሱዳኖች «ሐጃ» ይላሉ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለእኒያ እናት ቋንቋም አላነሰኝም ነበር።